እኔና ሀቢሶ ደህና ነን

ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን
ጥር 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

እናቴ ካረፈች ጀምሮ እናት ለሆንሽኝ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ ኤርጎጌ፤

ከሁሉ አስቀድሞ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ሆሳዕና ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንሰቱ፣ ላሚቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናቸው? የዓይኔ ብርሃን ልጄ ፅናትስ? እኔና ሀቢሶ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። ሀቢሶ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ ጸሎትሽ አይለየን ይላል። የቶኮዛው ሱቃችንም ደህና ይሠራል።

ለፅናት የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛላት አስቤአለሁ። ባለፈው በግምት የላክሁት ጠቧት አለቀሰች ብለሽኝ ሆዴን በልቶታል። አሁን እግሯን ወረቀት ላይ አስረግጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ላኪልኝ። ቁጥሩን አትጻፊ፤ የዚህ አገር ቁጥር ሌላ ነው።

ቶኮዛ ፖስታ ስለሚጠፋ ከእንግዲህ በፖስታው ጀርባ ባለው አድራሻ ጻፊልኝ። የየአለምወርቅ ቤት ነው፤ መጋረጃ የምትነግድ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሰው ናት።

ፅናትን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ።

ልጅሽ ፍሬገነት


ሆሳዕና
መጋቢት 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬገነት፤

ከለላው የማይጓደል ጌታ ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዕድሜውን ያውቃልና አልከሰውም። ፅናት ደህና ናት። በዚህ ኮሮና በሚሉት በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ትሮጣለች። የእግሯ ልክ ከዚህ ጋር አለ። ሳስምርላት ትስቅ ስለነበር አውራ ጣቷ ላይ ትንሽ ተዛብቷል።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ እሑድ ዕለት በምስክርነት ሰዓት ጉባኤው ፊት ቆሜ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ያን ያህል ሰው ፊት ማንበቤ ለእኔም ገርሞኛል። «እኔና ሀቢሶ ደህና ነን» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የሀቢሶ ታላቅ ወንድም፣ ሽማግሌያችን ወንድም ቲቶ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። እሱ አላጨበጨበም። አንብቤ እስክቀመጥ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሀቢሶ እጁን አሞታል እንዴ? ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት መስመር ቢጨምር ምን ነበረበት? ሁለታችሁ አንድ ላይ የተነሣችሁትን ፎቶ ላኪልኝ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ የተጋጨም ይታረቃል። ይህን የምለው እንዲያው ነው።

አክስትሽ ኤርጎጌ


ጆሃንስበርግ
ጥቅምት 20 ቀን 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 30፣ 2020)

አክስቴ ሆይ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ይህን ደብዳቤ አምሃ የሚባል የአገራችን ልጅ በእጁ ያደርስልሻል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን የገዛልሽም፣ ካርድ የሚሞላልሽም ቲቶ ስለሆነ ነው። ሰባት ወር ዝም ያልኩሽ ደግሞ በሎክዳውኑ፣ በኮሮናው ክልከላ ብቻ እንዳይመስልሽ። እርግጥ ፖስታው ቆሞ ነበር። ባይቆምም ግን አልጽፍልሽም ነበር፤ አፍሬ ነው።

እኔ ከሀቢሶ ቤት ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያን የጥር ወር ደብዳቤ ስጽፍልሽ ከወጣሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ሀቢሶ ሰላም አላለሽም። ከሰው ፊት አንገትሽን እንዳትደፊ ብዬ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው።

እዚህ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ ሱቅ፣ ያለው ሰው የሚያድረው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ መስኮቱም ብረት፣ በሩም ብረት ነው። ሀቢሶ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ ከውጭ ይቆልፍብኝ ነበር። ለደኅንነትሽ ነው ይለኛል፤ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያው እል ነበር። በ2011 ነሐሴ መጨረሻ የውጭ አገር ሰው ሱቅ የሚዘረፍበት ሳምንት መጣ። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ሱቅ ሲቃጠል ጭሱ ገባብኝ። ደወልኩለት። «ዝም በይ፣ ድምፅሽ አይሰማ» ብሎ ዘጋው። ጎረቤቴ ጎጎ፣ እዚህ አሮጊትን እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ ልጆቿን ጠርታ ጓጉንቸሩን በመዶሻ አሰበረችልኝ። በማግስቱ ሀቢሶ መጣ። ደህና ነሽ ወይ አላለኝም። አዲስ ጓጉንቸር ገዝቶ ነበር።

ኅዳር 9 ቀን የስኳር መኪና ሲራገፍ በሩ ክፍት ስለነበር ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

አሁን ፍቺ ልጠይቅ ነው። በነጻ የምታገለግል ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ ለሀቢሶም ባለፈው ወር ደብዳቤ ልካለታለች። እዚህ አገር ለመፋታት የማን ጥፋት እንደሆነ ማስረዳት የለብኝም። ማስረዳት ያለብኝ ትዳሩ ላይጠገን መፍረሱን ነው። ለዚህም አንዱ ትልቅ ማስረጃ ቢያንስ አንድ ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብሮ አለመኖር ነው። እኔ ደግሞ የተለየሁበትን ቀን የማሳይበት ነገር የለኝም። ክፍሉ የየአለምወርቅ ነው፤ መብራቱም በስሟ ነው። እንዳያገኘኝ ብዬ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ከመንገድ አልታይም። ተደብቆ የኖረ ሰው የት እንደኖረ ማን ይመሰክርለታል?

ጠበቃዋ ወደዚህ አድራሻ የመጣ፣ ቀን ያለበት ደብዳቤ አለሽ ወይ ብትለኝ የአንቺን የመጋቢቱን አሳየኋት። ደስ አላት። ስለዚህ በወረቀት ጻፊልኝ፤ ቀኑን አትርሺ። የጥር ወር ደብዳቤዬን ፖስታም እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልኝ፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተምና የእኔ አድራሻ አለበት። ውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን ጠላቴ ነው። እዚያ ላይ በገዛ እጄ «እኔና ሀቢሶ» ብያለሁ። ለማንም አታሳዪ።

ጫማውን በአምሃ ልኬአለሁ። ልኩ ከመጣ ሰባት ወር ስለሆነው ትንሽ ጨምሬበታለሁ።

ፍሬገነት


ሆሳዕና
ታኅሣሥ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ፍሬገነት፤

ጌታ ይርዳሽ። ጫማው ልክ ሆኗታል፤ አውልቂ ብላት እምቢ ብላ አድርጋው ተኛች።

ተቆጥቻለሁ። የዚያ ጭስ ነገር አንጀቴን አቃጥሎታል፤ እሱን አልክድም። ግን አንቺ አብሬው ነኝ ብለሽ ጻፍሽ፤ እኔ ጉባኤ ፊት አነበብኩ። አሁን ደግሞ ልታስተባብዪ ነው። እኔ የሴቶች ኅብረት መሪ ነኝ። ገመናን ከደጅ ማስጣት በቤታችን አልተለመደም።

ይሁን። ስለ ደብዳቤው አትስጊ፤ አምሃ ሳይመጣ ቲቶ ቀድሞት ነበር። ሀቢሶ ደውሎ የጠበቃ ወረቀት ደረሰኝ ብሎታል መሰለኝ፣ ጠዋት በሬን ሳልከፍት መጣ። «ያን ጉባኤ ፊት ያነበብሽውን ደብዳቤ ስጪኝ፤ ለወንድሜ ያስፈልገዋል» አለኝ። ነገሩ አላማረኝም። ወደ ጓዳ ገብቼ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አወጣሁትና እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ስመለስ የለም፣ ተቃጥሏል አልኩት። ሐሰት አልተናገርኩም። እሱ ግን አላመነኝምና ማስረጃ እንዲሆነው ባዶውን ፖስታ ሰጠሁት። ይኸው የቀረው ይህ ብቻ ነው ብዬ አሰናበትኩት። ፖስታውን አገላብጦ አየና አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ የአንቺ ደብዳቤ መጣ፤ ፖስታውን ጠብቂ የሚለውን ሳነብ ትንሽ ከነከነኝ። ባዶ ወረቀት ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት።

አክስትሽ


ጆሃንስበርግ
የካቲት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 20፣ 2021)

አክስቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ፖስታው ባዶ አልነበረም። ከጀርባው ላይ ሕንፃው፣ ፎቁ፣ የክፍሉ ቁጥር ተጽፎበት ነበር።

አልወቅስሽም። ብቻ የሆነውን ልንገርሽ። በገና ሰሞን አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ ትልቅ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ተቀምጦ አገኘን። የአለምወርቅ የተሳሳተ ዕቃ ነው ብላ ወደ ጎን አደረገችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ከረጢት መጣ። የሕንፃው ዘበኛ «ባልሽ ነው ያመጣው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሳውቦና ብሎ ሰላም አለኝ» አለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሀቢሶ ራሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ማስኩን አድርጓል፤ ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት። ለሚያልፉት ጎረቤቶች ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ እያለ ሰላምታ ይሰጣል፤ የፍሬገነት ባለቤት ነኝ፣ ለሥራ ብላ ነው እዚህ የምታድረው ይላል።

በአራተኛው ቅዳሜ እሱ አልነበረም። ከበሩ ሥር ነጠላ ጫማው ነበር፤ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ሰው ቤት ገብቶ ያወለቀው ይመስል። የአለምወርቅ በእግሯ ልትገፋው ስትል ጮህኩባት። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም፤ ፈራሁ። በኋላ ጎረቤታችን ፊርዶስ አንድ ሰው የጫማውንና የበሩን ፎቶ ሲያነሣ አይቻለሁ አለችኝ።

ጠበቃዋ ወዲያው ገባት። እሱ ተለያይተን አናውቅም ሊል ነው አለችኝ። ስለዚህ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ። የት እንደገባሁ አልጽፍልሽም። ከዛሬ ጀምሮ በጠበቃዋ ቢሮ አድራሻ ጻፊልኝ።

አሁን ደህና አድርገሽ አንብቢኝ። ደብዳቤዎችሽ ማስረጃ ሆነው ፍርድ ቤት ይገባሉ፤ የሚገባው ሁሉ ደግሞ ቅጂው ለሀቢሶ ይደርሰዋል። ሕጉ እንደዚያ ነው። ስለዚህ የምትጽፊልኝን ሁሉ እሱ እንደሚያነበው አድርገሽ ጻፊ። ስለ ልጄ አትጻፊ። ትምህርት ቤቷን፣ መንገዷን፣ ከማን ጋር እንደምትውል፣ ምንም አትጻፊ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እኔ ከኅዳር 2012 ጀምሮ ከእሱ ጋር እንዳልኖርኩ የምታውቂውን በመሐላ ጽፈሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ ላኪልኝ።

ፍሬገነት


ሆሳዕና
ሚያዝያ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለፍሬገነት፤

ጌታ ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። የበልጉ ዝናብ ዘግይቷል። ላሚቱ ወልዳለች።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሰው እያየኝ መጻፍ አልችልበትም። ስለ ፖስታው ምን እላለሁ? አሮጊት ብልህ ሆንኩ ስትል እንዲህ ነው የምትሆነው። ስለዚያ ነገር ሳስብ እህል አይወርድልኝም።

አትጻፊ ያልሽኝን አንድ ነገር ግን ልጽፍ ነው፤ አንብበው ቢያውቁት እነሱው ያደረጉት ነው። ባለፈው ሳምንት ወንድም ቲቶ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። ፅናትን ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሞ አስነሣት። ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ለፓስፖርት ነው፣ አባቷ ናፍቋታል አለኝ። ከረሜላ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ይመጣል፤ ቡና አይጠጣም፣ አይቀመጥም። አይቷት ይሄዳል።

ስለ መሐላው እያሰብኩበት ነው። ቀላል አይምሰልሽ። አንቺ የማታውቂው ነገር አለብኝ።

ኤርጎጌ


ጆሃንስበርግ
ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. (ጁን 12፣ 2021)

አክስቴ፤

ይህን የምጽፍልሽ ጠበቃዋ ቢሮ ተቀምጬ ነው፤ ቲቶ እንዳይቀድመንም ብዬ ወደ አገር በሚሄድ ሰው ለአምሃ እልከዋለሁ።

የሀቢሶ መልስ መጣ። በመሐላ ነው የጻፈው። እኔና ሚስቴ አንድ ቀን ተለያይተን አናውቅም፤ በወረርሽኙ ምክንያት ለሥራ ከተማ ታድራለች፣ እኔም በየሳምንቱ ስንቅ እየያዝኩ አድር ነበር ይላል። የነጠላ ጫማው ፎቶ አለ። የዘበኛው ቃል አለ። ደግሞ የቲቶ ቃል ተተርጉሞ ገብቷል፤ በመጋቢት 2012 «እኔና ሀቢሶ ደህና ነን» የሚል የፍሬገነት ደብዳቤ ጉባኤ ፊት ሲነበብ ሰምቻለሁ፣ ከመቶ ሰው በላይም ሰምቷል ይላል። ወረቀቱን ብታቃጥዪውም የሰሙት ሰዎች አሉ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ልጃችን በቅርቡ ወደ እኔ ትመጣለች፣ ያኔ እናቷም ወደ ቤቷ ትገባለች ይላል። ፅናትን ወደዚያ ብረት በር ቤት ሊያስገባት ነው። እሷ ከገባች እኔም እንደምገባ ያውቃል፤ እውነቱን ነው፣ እገባለሁ።

ቀጠሮው በመስከረም ነው። የየአለምወርቅን ምስክርነት የጓደኛ ቃል ነው ይሉታል፤ ካንቺ ቃል በቀር የቀረኝ የለም። ያን የማላውቀው ያልሽውን ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ጻፊው። እኔን የሚያሳፍርም ቢሆን ጻፊው።

ልጅሽ ፍሬገነት


ሆሳዕና
ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኦገስት 8፣ 2021 ነው ብሎኛል ጸሐፊው።

ለልጄ ለፍሬገነት፣ እንዲሁም ይህን ለሚያነበው ለሀቢሶ፤

እውነትን የሚወድ ጌታ ሁላችንንም ይየን። ይህ ደብዳቤ የሁለታችሁ ነው። ከዚህ ጋር ያለው ማኅተም የተመታበት ወረቀት ደግሞ የዳኛው ነው፤ የጻፍኩት ግን ያው አንድ ነገር ነው።

ልጄ፣ የተቆጣሁሽ ውሸት ስለጻፍሽ አልነበረም፤ የእኔም ውሸት እንዳይገለጥ ፈርቼ ነው። በ2012 የገና ሳምንት ቲቶ እቤቴ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ፍሬገነት ከቤት ከወጣች ወር አልፏታል። ሀቢሶ ደውሎ ነገረኝ፤ የት እንደገባች አያውቅም። ሁለታችንም ዝም እንበል፣ መሄጃ ስታጣ ትመለሳለች።» እኔም እሺ አልኩ። የልጄ ስም በየቤቱ እንዳይነሣ ብዬ ነው፤ የራሴም ስም አሳስቦኛል። ደብዳቤሽን ጉባኤ ፊት ሳነብ ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ቲቶም ያውቅ ነበር፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ ያላነሣው ለዚያ ነው። ሁለቴ ያነበብኩት ደጋግሜ ባነበው እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው።

ባለፈው እሑድ በዚያው ምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ቲቶ «እኅት ኤርጎጌ ደክሟታል፣ ትቀመጥ» አለ። አልተቀመጥኩም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ማክሰኞ ከመሪነቴ አነሡኝ። አልቅሻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩበት ቤት ነው። ከዚያ ተነሥቼ መሐላዬን ላስጽፍ ሄድኩ።

ሀቢሶ፣ አሁን ላንተ ነው። ለወንድምህ በስልክ የነገርከውን አሁን በመሐላ ክደሃል። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ሞቴ ቅርብ ነውና በሐሰት ልምልበት አልፈልግም። ነጠላ ጫማህን ከሰው በር ላይ አንሣ። ቲቶ ሐሙስ ፓስፖርቱን ይዞ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ነበር። ቤቱን ሁሉ ፈተሹት፤ ጎተራውንም ሳይቀር አዩ። ፅናት ከእኔ ዘንድ የለችም። ከረቡዕ ጀምሮ የለችም። ተመልሶ ቢመጣም አያገኛትም።

ፍሬዬ፣ ወዴት እንደላክኋት አንቺም አትጠይቂኝ። ብጽፍልሽ በእሱ እጅ ያልፋል፤ በሰው ብልክብሽ ሰው ይናገራል። አምሃም አያውቅም። ፍርድሽ አልቆ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ፊቴ የቆምሽ ቀን በጆሮሽ እነግርሻለሁ። እስከዚያ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠኝ፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና። ለዚህ ብዬ ለጉልበቴ መድኃኒት ጀምሬለታለሁ።

እኔና ፅናት ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም። እኔ ደህና ነኝ።

ከዚህ ጋር በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት አለ። ቀን ጽፌበታለሁ፤ ቦታ አልጻፍኩበትም። ካለፈው ጋር አነጻጽሪው፤ አንድ ጣት ሙሉ ጨምሯል። አውራ ጣቱ ጋ አልተዛባም፤ ሳስምርላት አልሳቀችም። ጫማ እንዳትልኪ፤ ጫማ አድራሻ ይፈልጋል።

አክስትሽ ኤርጎጌ